ሳጥኑ በምን ይሞታል? በቤት ለተሠራ ስፒከር ቅብ ስለ መምረጥ



በቤታችን ስፒከር የምንሠራ ሰዎች ስንገናኝ ወሬያችን ይታወቃል። ሳጥኑ ስንት ሊትር ይሁን፣ ቱቦው ምን ያህል ይርዘም፣ ክሮስኦቨሩ የት ላይ ይቁረጥ እያልን እናመሻለን። ቅቡ ላይ ስንደርስ ግን ሁሉም ይቸኩላል። ስፒከሩ ተገዝቷል፣ ሳጥኑ ተጣብቋል፣ ጆሮ ድምፅ ናፍቋል፤ «ጥቁር ቀለም ደርበንበት እንገላገል» ይባላል። በሁለተኛው ክረምት የሳጥኑ ታች አብጦ፣ ጥጉ ተፈርፍሮ ሲገኝ ጥፋቱ በቀለሙ ይሳበባል። እኔ ዛሬ የቀለሙ ጠበቃ ሆኜ ነው የመጣሁት።

አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙ የተጠየቀው የማይችለውን ነው። «ጠንካራው ቅብ የትኛው ነው?» የሚለኝን ሰው መልሼ የምጠይቀው ሳጥኑ በምን እንደሚሞት ነው። በአይሱዙ ተጭኖ ከሠርግ ድንኳን ወደ ሠርግ ድንኳን የሚዞር ሞንታርቦ የሚሞተው በጥጉ ነው፤ ይወድቃል፣ ይጎተታል፣ ከጎኑ ካለው ሳጥን ጋር ይፋተጋል። ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የቆመው የሚሞተው በመስኮት በሚገባ ፀሐይ፣ ወለል ሲወለወል በሚነካው ውኃ፣ ራሱ ላይ በተቀመጠ የአበባ ማሰሮ ነው። ግቢ ውስጥ የተሰቀለውን ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቁ ይጨርሱታል። ሦስት ዓይነት ሞት ነው፤ መድኃኒቱም አንድ አይደለም።

ከዚያ በፊት አንድ የቆየ ክርክር ልገላገል። ቅቡ ድምፁን ይለውጠዋል ወይ? ቫዮሊን ከነቫርኒሹ ሲወደስ የሰሙ ሰዎች ነገሩን ለስፒከርም ያዛውሩታል። የቫዮሊን እንጨት ሥራው መዘመር ነው፤ የስፒከር ሳጥን ሥራው ዝም ማለት ነው። ባለ 18 ሚሊ ሜትር ሰሌዳ ላይ የሚውለው ቫርኒሽ ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር አሥረኛ ብዙም አያልፍም፤ እሱ የሚጨምረውንም የሚቀንሰውንም ጆሮ አይለየውም። ውስጥ ያለው እንጨት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቢቢሲ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኤልኤስ3/5ኤ የተባለችውን ትንሽ የስቱዲዮ ስፒከር ሲነድፍ ሳጥኗ ከበርች ኮምፔርሳቶ፣ የውስጥ ጥጎቿን የሚይዙት ዘንጎች ደግሞ ቢች ከሚባል ጠንካራ እንጨት ተሠሩ። ዘንጎቹ በለስላሳ እንጨት ሲተኩ የድምፁ መበላሸት በጆሮ ተለየ፤ መሐንዲሶቹም ይህን በሪፖርታቸው አስፍረውታል። ስለዚህ ለድምፁ የምታወጡትን ገንዘብ በውስጥ ድጋፍና በጥሩ ኮላ ላይ አውሉት። ቅቡን ምረጡ የምላችሁ ለዕድሜው ነው።

እንግዲህ ወደ ጠርዙ እንሂድ። ዛሬ ብዙ የማወራው ስለ ጠርዝ ነው።

ኤምዲኤፍን ውሰዱ። የእንጨት ቃጫ ከሙጫ ጋር ተደባልቆ በሙቀት ተጨፍልቆ የሚሠራ ሰሌዳ ነው፤ አንድ ሜትር ኩቡ 700 ወይም 750 ኪሎ ይመዝናል። ፊቱ በጣም ስለተጨፈለቀ ውኃ ቶሎ አያስገባም። በመጋዝ ሲቆረጥ ግን የሚገለጠው መሐሉ ነው፤ መሐሉ ላላ ያለ በመሆኑ ቀለምም ውኃም ይጠጣል። አንዴ ካበጠ ቢደርቅ እንኳ ወደ ነበረበት አይመለስም። ቺፕውድ ከዚህ ይብሳል። ኮምፔርሳቶ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በተቆረጠው በኩል የእንጨቱ ቱቦዎች ክፍት ስለሆኑ ከፊቱ ይልቅ በጠርዙ ይጠጣል። ስለዚህ ሳጥኑን ከጎን እስከ ጎን ሦስት ጊዜ እኩል የቀባ ሰው ፊቱን ሦስት ጊዜ ቀብቷል፤ ጠርዙን ግን ምናልባት አንድ ጊዜ። ሁለቱ ወደ ውስጥ ገብተዋል።

መፍትሔው ጠርዙን ለብቻው መድፈን ነው። በቁጥር 180 ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎም በ220 እሹት፤ የተቆረጠው ጠርዝ እንደ ፊቱ እስኪለሰልስ ድረስ አትቸኩሉ። ከዚያ ሼላክ ወይም በቲነር የሚቀጥን ሲለር አጠጡት፤ ሲደርቅ እሹና ድገሙት። ብዙ ሰው ነጭ ኮላ በውኃ አቅጥኖ ይቀባል። ይሠራል፤ ግን ውኃው ራሱ ቃጫውን ስለሚያስነሳው ማሸቱ ይበዛል። የመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት በማጠንከሪያ የሚደባለቀው ስቱኮ ከሁሉ ይጠነክራል፤ በስሱ ተጎትቶ ሲታሽ ኤምዲኤፉ የነበረበት አይታወቅም። ለግድግዳ የሚሆነውን የውኃ ስቱኮ ግን ለሚንቀሳቀስ ሳጥን አልመክርም። ሲመታ ይረግፋል።

ሁለተኛው የጠርዝ ነገር ስለቱ ነው። እርጥብ ቀለም ከተሳለ ጠርዝ ይሸሻል፤ የፈሳሹ የራሱ የገጽ ውጥረት ወደ ጠፍጣፋው ይስበዋል። ፊቱ ላይ ወፍራም የሆነው ቅብ ስለቱ ላይ ስስ ሆኖ ይቀራል፤ ምት የሚያርፈው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ጠርዙን ቢያንስ ወደ 3 ሚሊ ሜትር አዙሩት። ለሚጓጓዝ ሳጥን 6 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ራውተር ያለው በራውተር፣ የሌለው በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት። አናጢዎች ስለታም ጠርዝን የጥራት ምልክት አድርገው ይወዱታል፤ በሌላ ዕቃ ላይ ይውደዱት።

ሦስተኛው መጋጠሚያው ነው፤ ይህ ብዙ ቆንጆ ሥራ ያበላሸ ነገር ነው። ሁለት የኤምዲኤፍ ሰሌዳዎች በጥጉ ሲጋጠሙ የአንዱ ፊት ከሌላው የተቆረጠ ጠርዝ ጋር ይገናኛል። ታሽቶና ተቀብቶ ሲያልቅ መጋጠሚያው የለም። ወራት አልፈው አየሩ ከበጋ ወደ ክረምት ሲገባ ሰሌዳው እርጥበት ይስባል፤ ፊቱና ጠርዙ እኩል ስለማያብጡ በሚያብረቀርቀው ቀለም ሥር ቀጥ ያለች የፀጉር ያህል መስመር ብቅ ትላለች። እሹና ቀቡት፣ ተመልሳ ትመጣለች። መጋጠሚያውን በ45 ዲግሪ መቁረጥ፣ በላዩ ፎርማይካ ወይም የእንጨት ልባጥ ማልበስ፣ ወይም የሸካራ ቀለም መምረጥ ያድናል። ለዚህ ነው በቤት የተሠራ ሳጥንን እንደ ፒያኖ ጥቁርና አብረቅራቂ አድርጎ መቀባትን የማልመክረው። አቧራውን፣ የጣት አሻራውን፣ መጋጠሚያውን፣ የችኮላችሁን ልክ ሁሉ ለእንግዳ ያሳያል።

ስለ ታቹ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የሳጥኑን ታች የሚቀባ ሰው ብዙም አላየሁም፤ «ማን ያየዋል» ይባላል። የወለል ውኃ ያየዋል። ታቹን ቀቡት፤ ከዚያ 1 ሳንቲ ሜትር የምትሆን የጎማ እግር በአራቱ ጥግ ምቱበት። ለሳሎን ሳጥን ከዚህ የረከሰ የዕድሜ ማራዘሚያ አላውቅም።

አሁን ለሚጓዘው ሳጥን። የሚጓዝ ሳጥን ይመታል። የማይጎዳ ቅብ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው፤ የሚፈለገው ጉዳቱን የሚደብቅና በእጃችሁ የሚጠገን ነው። ይህን የተረዱት የጊታር አምፕሊፋየር ሠሪዎች ናቸው። የአሜሪካው ፌንደር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሳጥኖቹን በጨርቅ አልብሶ ላከር ይቀባቸው ነበር፤ ከ1960 ገደማ ጀምሮ ቶሌክስ ወደሚባለው የቪኒል ልባስ ዞረ። ሸካራ ነው፣ ውኃ አያስገባም፣ ጭረት አይታይበትም። እኛም ለሶፋ የሚሸጠውን ሰው ሠራሽ ቆዳ በማስቲሽ ማልበስ እንችላለን። ጥጉ ላይ እጥፉ እንዳይደራረብ መቁረጡ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ጥጉን የብረት መከለያ ስለሚሸፍነው ግን ብዙ አትጨነቁ። ማስቲሹ በሁለቱም ወገን ተቀብቶ፣ በእጅ ሲነካ የማይለጠፍ እስኪሆን ተጠብቆ፣ ከዚያ ነው የሚገጠመው። ሳይደርቅ የተገጠመ ማስቲሽ ፀሐይ ሲያገኘው ያብጣል።

ምንጣፍ መሰል ጨርቅ ማልበስም አለ፤ በብዙ የመኪና ሳጥን ላይ ታዩታላችሁ። የአናጢውን ጉድለት ሁሉ ይሸፍናል፣ ርካሽ ነው። እኔ አልወደውም። የፈሰሰበትን ቢራ፣ የሲጋራውን ጢስ፣ የድንኳኑን ጭቃ ይዞ ያስቀራል፤ እርጥበቱን እንጨቱ ላይ አስተኝቶ ይይዘዋል። በመኪና ሻንጣ ውስጥ ይኑር፤ ከዚያ አይውጣ።

በዛሬ ጊዜ በሙያው የተለመደው በውኃ የሚቀጥን ሸካራ ቀለም ነው። ጀርመኖቹ ዋርኔክስ፣ አሜሪካኖቹ ዱራቴክስ የሚባለውን ይጠቀማሉ። በሮለር ይቀባል፤ የሮለሩ ስፖንጅ ሸካራ በሆነ ቁጥር ነቁጡ ይተልቃል። መጀመሪያ አንድ እጅ በስሱ፣ ሲደርቅ አንድ ወይም ሁለት እጅ በወፍራሙ። ትልቁ ጥቅሙ ጥገናው ነው። ቅዳሜ ሠርግ ላይ የተላጠን ጥግ ሰኞ ትንሽ አሽታችሁ፣ በትንሽ ስፖንጅ ነካ ነካ ብታደርጉት አዲሱ ከአሮጌው ጋር ይመሳሰላል፤ አብረቅራቂ ቀለም ላይ ይህን ብትሞክሩ ጠጋኙ ከሩቅ ይታያል። ከዚህ የሚጠነክር ፖሊዩሪያ የሚባል አለ፤ የፒክአፕ ጭነት ሳጥን የሚለበጥበት ነው። ሁለቱ ክፍሎቹ ተሞቅተው በከፍተኛ ግፊት መሣሪያ ይረጫሉ፤ አንዳንድ ትልልቅ ፋብሪካዎችም ስፒከራቸውን ይለብጡበታል። ጓሮ ውስጥ የሚሞከር አይደለም። ቀለም ውስጥ ደቃቅ አሸዋ እየጨመሩ ሸካራ ለማድረግ የሚሞክሩም አሉ፤ መልኩ ይመጣል፣ ግን ሳጥኑን የሚሸከመውን ሰው እጅ ይልጣል። የመኪና ሥር የሚቀባው ሬንጅ ያለበት ጥቁር መከላከያ ደግሞ ጭራሽ አይነካ፤ አይጠጥርም፣ በፀሐይ ይለሰልሳል፣ ሁለት ሳጥኖች ተደራርበው ካደሩ ጠዋት ለመለያየት ጉልበት ይጠይቃል።

የሳሎኑ ሳጥን ነገር ሰፋ ይላል፤ ምክንያቱም እዚያ ዓይንም ድርሻ አለው።

የተናቀውን ላንሳ፦ ፎርማይካ። በ1912 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሲፈጠር ለኤሌክትሪክ መከላከያነት ታስቦ ነበር፤ የኩሽናን ጠረጴዛ የወረሰው በኋላ ነው። ትኩስ ስኒ ቢቀመጥበት፣ ዘይት ቢፈስበት፣ ልጅ በእስክሪብቶ ቢጽፍበት ይጠረጋል። በማስቲሽ ይለጠፋል፤ ከጠርዝ የተረፈው ይሞረዳል። ስፒከራቸውን ለዕድሜ ልክ የሚፈልጉ፣ ትንንሽ ልጆች ያሉባቸው ቤቶች ከቫርኒሽ በፊት ይህን ቢያስቡ ደስ ይለኛል። «የምግብ ቤት ጠረጴዛ ይመስላል» የሚል ካለ፣ ዛሬ ደብዛዛና የእንጨት መልክ ያለውም አለ።

እንጨት የሚወድ ግን እንጨት ነው የሚፈልገው። እዚህ ላይ ዋንዛን ሳትጠቅሱ አታልፉኝም። ዋንዛ ቆንጆ ነው፤ ሆኖም ሙሉ ሰሌዳ እንጨት ከወቅቱ ጋር በጎኑ ይሰፋል፣ ይጠባል። በኮላና በብሎን ከአራት ወገን ወጥረን ስንይዘው መሄጃ ያጣና ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ሳጥን ደግሞ አየር ያስተነፍሳል። ከሳሳ ልባጥ ጋር ኤምዲኤፍ ወይም ኮምፔርሳቶ ይሻላል፤ ልባጡ በውስጥም በውጭም ይለጠፍ፣ አለዚያ ሰሌዳው ወደ አንድ ወገን ይጎብጣል።

በልባጡ ላይ ምን ይቀባ? ናይትሮ ላከር ቶሎ ይደርቃል። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመኪና ፋብሪካዎች ቀለም ለማድረቅ ሳምንታት ይፈጅባቸው የነበረውን ወደ ሰዓታት ያወረደላቸው እሱ ነው። አዲሱ እጅ የቀደመውን በመጠኑ እያሟሟ ስለሚዋሐድ ጥገናው ቀላል ነው፤ ከዓመታት በኋላ ግን ይቢጫል፣ ይሰነጣጠቃል። በክረምት ዝናብ እየጣለ ከረጫችሁት ከአየሩ እርጥበት ይይዝና ነጭ ጉም ይለብሳል። ሼላክ በሕንድና በታይላንድ ዛፍ ላይ ከሚኖር ነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው፤ የጥንቱ የ78 ዙር ሸክላ ዋና ግብዓትም እሱ ነበር፤ ስለዚህ ከሙዚቃ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። አልኮል ግን ያሟሟዋል። አረቄ በሚቀዳበት ቤት ለሥረኛው ድፈና እንጂ ለላይኛው ቅብ አይሁን። ፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ ውኃንም አልኮልንም ጭረትንም በደንብ ይቋቋማል፤ ሲላጥ ግን ጠጋኝ አይቀበልም፣ ፊቱ በሙሉ ታሽቶ ይደገማል። ብዙም ለማይነካ የሳሎን ሳጥን ይህ ዕዳ አይደለም። ለብዙ ሰው የምመክረው እሱኑ ነው፦ ደብዛዛው ዓይነት፣ ሦስት ስስ እጅ፣ በየመሐሉ በቁጥር 320 ለስለስ ያለ ማሸት።

የኔን ልብ የሚወስደው ግን ዘይት ነው። የተልባ ዘይት፣ ያው የምናውቀው ተልባ። ተጨምቆ የወጣ ዘይቱ የሚደርቀው እየተነነ አይደለም፤ ከአየሩ ኦክስጅን እየሳበ ነው የሚጠጥረው። ጥሬው ብዙ ቀን ይፈጃል፤ ለቀለም ሥራ የሚሸጠው የተፈላ የሚባለው ማድረቂያ ስለተጨመረበት ይፈጥናል። በጨርቅ ታጠጡታላችሁ፣ የተረፈውን ትጠርጋላችሁ፣ አሳድራችሁ ትደግማላችሁ። ከፖሊዩሬቴን ይልቅ ደካማ ነው፣ የብርጭቆ እርጥብ ክብ ይታተምበታል። ሆኖም በየዓመቱ በአንድ ጨርቅ ታድሱታላችሁ፤ ማሸት የለ፣ መላጥ የለ። ከኔ ጋር ላለመስማማት መብታችሁ ነው።

ስለ ዘይቱ ጨርቅ ግን ክርክር የለም። ኦክስጅን ሲስብ ሙቀት ያወጣል፤ የተጨማደደ ጨርቅ ሙቀቱን ይይዝና ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ይነዳል። በ1991 (እ.ኤ.አ.) ፊላደልፊያ ውስጥ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የተባለው ባለ 38 ፎቅ ሕንፃ የተቃጠለው ሠራተኞች ትተውት በሄዱት የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ነው፤ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል። ጨርቁን ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት። ሰጋቱራ ክምር ላይ አትጣሉት።

ፀሐይን ረስቼ አላልፍም። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ የቫርኒሽ መመሪያ ለእኛ ትንሽ ለጋስ ነው። ጨረሩ በብርሃን አሳላፊው ቫርኒሽ ውስጥ አልፎ እንጨቱን ይበላዋል፣ ቫርኒሹም መያዣ አጥቶ ይላጣል። ግቢ ለሚሰቀል ሳጥን ከዚህ የተነሣ ቫርኒሽ አልመርጥም፤ ኮምፔርሳቶ፣ የተደፈነ ጠርዝ፣ ፕራይመር፣ በላዩ ቀለሙ ነጣ ያለ የውጭ ቀለም። ቀለሙ ውስጥ ያለው ዱቄት ጨረሩን ይከለክላል፤ ነጣ ማለቱ ደግሞ ሳጥኑ በቀትር እንዳይግል ያደርጋል። ኤምዲኤፍ ወደ ውጭ አይውጣ።

ቶሎ ቶሎ ልበልና ልጨርስ። ከመቀባታችሁ በፊት ስፒከሮቹን ንቀሉ፤ ቲነር የጎማና የስፖንጅ ዙሪያቸውን ይጎዳል፣ የተረጨ ቀለም ኮኑን ያከብደዋል። ማጠንከሪያ የሚደባለቅባቸው ሁለት ክፍል ፖሊዩሬቴኖች አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለባቸው፤ አስም ያመጣል፣ የአቧራ ጭምብልና ነጠላ አያስቀሩትም፤ ተገቢው መሣሪያ ላለው ባለሙያ ተዉለት። መድረቅና መጠንከርም ይለያያሉ። በማግሥቱ ሲነካ የማይለጠፍ ቫርኒሽ ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት እስከ አንድ ወር ሊፈጅ ይችላል፤ በብርዳማ ሌሊት የበለጠ ይዘገያል። ቸኩላችሁ ስፒከሩን ከነጎማው ከገጠማችሁት ከቅቡ ጋር ይጣበቅና ለጥገና ልትነቅሉት ስትሉ ቀለሙን ይዞ ይነሣል።

የትኛውንም ብትመርጡ ከሳጥኑ በተረፈው ቁራጭ ላይ ቀድማችሁ ሞክሩት፤ ጠርዙ ጭምር ይቀባ። ሲጠነክር በምላጭ በትንንሹ አግድምና ቁልቁል ቁረጡት፣ ፕላስተር ለጥፋችሁ በኃይል ላጡት፤ ካሬዎቹ ከፕላስተሩ ጋር ከመጡ የሥረኛው ዝግጅት ወድቋል። ጠርዙን ውኃ ውስጥ አቁማችሁ አሳድሩት። በቁልፍ ቧጥጡት፣ ከዚያ ለመጠገን ሞክሩ፤ ጥገናው ስንት ሰዓት እንደወሰደባችሁ አስሉ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ የደረደርኳቸው ቁራጮች ለዚሁ የመጡ ናቸው፤ ሸካራው፣ ፎርማይካው፣ ናይትሮው፣ ፖሊዩሬቴኑ፣ ዘይቱ፤ ጀርባቸው ላይ ስማቸው ተጽፏል። ቁልፍ የያዛችሁ ወደፊት ቅረቡ፣ እየቧጠጣችሁ ጠይቁኝ።